ለሠራተኞች መጠይቅ የቱ ይሻላል፦ ወረቀት፣ ኮቦ፣ የኢንተርኔት ፎርም ወይስ የሚከፈልበት?

ከዋጋው በፊት ሠራተኛው በልቡ የሚጠይቀውን አስቡ፦ «ማን እንደጻፈው ይታወቃል?» እያንዳንዱ አማራጭ ስም የሚያጋልጥበት የራሱ ቀዳዳ አለው።

ኮምፒውተር ላይ ለሚውል የቢሮ ሠራተኛ ጎግል ፎርም ይበቃል፤ ነፃ ነው፣ ሊንኩም በቴሌግራም ይላካል። አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይሞላ የሚያግደው ሴቲንግ ግን በጎግል አካውንት መግባትን ያስገድዳል። ኢሜይሉ ባይሰበሰብም ሠራተኛው አድራሻውን ስክሪኑ ላይ ሲያይ ይሸሻል ወይም ሁሉን «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። ማገጃውን አታብሩት፤ ጥቂት ድግግሞሽ ከፍርሃት ይሻላል። በማይክሮሶፍት ፎርምስ መጠይቁን ለድርጅቱ ሰዎች ብቻ ስታደርጉት፣ ስም የሚመዘግበው ሳጥን አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። ሳትልኩ በፊት አንሱት።

ለፋብሪካ ወረቀትና ኮቦ (መጠይቅ በስልክ ወይም በታብሌት የሚሞላበት ሶፍትዌር) ይወዳደራሉ። ወረቀት ሁሉም ያውቀዋል፤ ድካሙ የሚመጣው ኋላ ነው። 300 ሠራተኛ 20 ጥያቄ ሲመልስ ኮምፒውተር ላይ የሚገባው 6,000 መልስ ነው፤ ለአንዱ ወረቀት 3 ደቂቃ ብትይዙ 15 ሰዓት ይወስዳል። በትንሽ ክፍል ውስጥ የእጅ ጽሑፍ ራሱ ፊርማ ስለሆነ የጽሑፍ መልሱን የቅርብ አለቃ አይየው፤ ወረቀቱ የሚገባበት ሳጥን ቁልፍም ከሰው ሀብት ክፍል ውጭ ይቀመጥ።

የኮቦ መተግበሪያ ኮቦኮሌክት አንድሮይድ ታብሌት ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የማስገባቱን ሥራም ያስቀራል። ለአንድ ሰው 10 ደቂቃ ብንል በ4 ታብሌት በሰዓት 24 ሰው ይሞላል፤ 300ውን ለመጨረስ 12 ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል። ፎርሙ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት የሚመዘግበውን አጥፉት፤ ከፈረቃ መዝገቡ ጎን ሲቀመጥ ሰውየውን ይጠቁማል። ኦሮምኛና ትግርኛ ተናጋሪዎች ካሉ ጥያቄው በቋንቋቸው ይቅረብላቸው፤ ሳይገባው የሞላ ሰው መሃል ያለውን መልስ ይመርጣል።

እንደ ጋሉፕ ኪው12 ያለውን የተዘጋጀ የሠራተኛ መጠይቅ (12 ጥያቄ፣ ባለ 5 ደረጃ መልስ) መግዛት የሚያዋጣው ቅርንጫፉ ብዙ ለሆነና ራሱን ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ማወዳደር ለሚፈልግ ነው። ከውጭ ኩባንያ ሲገዛ ክፍያው የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። አማካሪ ከቀጠራችሁ ጥሬው መልስ ለኃላፊዎች እንደማይሰጥና መቼ እንደሚጠፋ ውሉ ውስጥ አስገቡ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ጉዳይ በቃል ስምምነት ሊተው አይገባም።

በየትኛውም መንገድ ብትሠሩት ከ5 ሰው በታች የሆነ ቡድን ውጤት ለብቻው አይውጣ። 14 ሰው ባለበት ክፍል የጠቅላላውንና የ12ቱን ወንዶች ውጤት ካሳያችሁ፣ የሁለቱ ሴቶች መልስ በመቀነስ ይገኛል። የሥራ አፈጻጸም በሚሞላበት ሰሞን፣ በብዙ መሥሪያ ቤት ሰኔ ላይ፣ አትጠይቁ፤ መልሱ ስለ አፈጻጸም ነጥቡ ይሆናል።

ገንዘባችሁን ሁሉ መጠይቁ ላይ አትጨርሱ። ውጤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፉውም ደጉም ለሠራተኛው ይነገር፤ ከዚያ ሁለት ጉዳይ ብቻ ምረጡ። ብዙ ሰው «ሰርቪሱ ይዘገያል» ብሎ ከጻፈ «ለኮሚቴ ተመርቷል» መልስ አይሆንም። የትኛው መስመር በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነና ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚለወጥ ጽፋችሁ ሠራተኛው ሰርቪስ በሚጠብቅበት በር ላይ ለጥፉ።