የሜታልኮር ሸክላ ግዢ፦ በቁጥር የተወሰነው ባለቀለም እትም ወይስ ባለ ሁለት ሸክላው ጥቁር?

ሜታልኮር የተባለው ከባድ ሙዚቃ አልበም በሸክላ ሲታተም በአንድ መልክ ብቻ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። አሳታሚው ተራውን ጥቁር እትም፣ በጥቂት መቶ ቅጂ የተወሰነውን ባለቀለም እትም፣ አንዳንድ ጊዜም አልበሙን ለሁለት ሸክላ ከፍሎ በ45 ዙር፣ ማለትም በደቂቃ 45 ጊዜ እየዞረ፣ የሚጫወተውን እትም በአንድ ሰሞን ለገበያ ያቀርባል። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ፣ ዕቃውም በዘመድ ሻንጣ ወይም በአዲስ አበባ በኩል በፖስታ እስኪደርሰው ለሚጠብቅ ሰው፣ ያልሆነውን እትም መግዛት ቀላል ኪሳራ አይደለም። በእኔ እምነት ገዢው አስቀድሞ ማጣራት ያለበት የሸክላውን ቀለም ሳይሆን ድምፁ እንዴትና በስንት ገጽ ላይ እንደተቀረጸ ነው።

ምክንያቱ በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። ድምፁ በመጀመሪያ ላከር በተቀባ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ወይም በመዳብ በተለበጠ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ ከዚያ የኒኬል ማተሚያ ይወጣና የጋለ ፕላስቲክ በሁለት ማተሚያዎች መካከል ተጨፍልቆ ሸክላ ይሆናል። በዚያው ማተሚያ ጠዋት ጥቁሩ፣ ከሰዓት በኋላ ቀዩ ሊታተም ይችላል። እንዲህ ከሆነ ለቀዩ የሚከፈለው ጭማሪ ለመልኩና ለብርቅነቱ እንጂ ለድምፁ አይደለም። ይህን ለማረጋገጥ ሸክላውን በመብራት ሥር ዘንበል አድርጎ፣ በመጨረሻው ዘፈንና በመሐሉ ክብ ወረቀት መካከል ያለውን ባዶ ቀለበት ማየት ያስፈልጋል፤ በእጅ የተጫረ ወይም በማኅተም የተመታ የፊደልና የቁጥር መስመር ይገኝበታል። የሁለቱ እትሞች መስመር አንድ ከሆነ የድምፁ አቀራረጽም አንድ ነው። ዲስኮግስ በተባለው የሸክላ መዝገብ ላይ ሰብሳቢዎች ይህንኑ መስመር ለየእትሙ ስለሚያሰፍሩ፣ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ከሻጩ የቀለበቱን ፎቶግራፍ ጠይቆ ማመሳከር ይቻላል።

በጆሮ የሚለይ ልዩነት የሚገኘው ባለ አንድ ሸክላውና ባለ ሁለት ሸክላው ሲነጻጸሩ ነው። ከሃርድኮር ፓንክና ከሄቪ ሜታል የተወለደው ሜታልኮር፣ ዝቅ ተደርገው የተቃኙ ጊታሮች፣ የማያቋርጥ ድርብ የባስ ከበሮና ጩኸት በአንድ ላይ የሚጎርፉበት ሙዚቃ በመሆኑ ለቀራጩ ባለሙያ ከባድ ሥራ ነው። ባሱና ጉልበቱ በጨመረ ቁጥር መርፌው የሚሄድበት ቦይ ሰፊ ቦታ ይሻል፤ ደቂቃው በበዛ ቁጥር ደግሞ ቦታው ይጠብባል። በ33⅓ ዙር አንድ ገጽ 20 ደቂቃ ገደማ ሲይዝ ምቹ ነው፤ ከዚያ በብዙ ሲያልፍ ባለሙያው ድምፁን ለማሳነስ ወይም ባሱን ለመቀነስ ይገደዳል።

በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ኮንቨርጅ የተባለው የአሜሪካ ሜታልኮር ባንድ አልበም «ጄን ዶ»ን ለአብነት እንውሰድ። አልበሙ 12 ዘፈኖችና 45 ደቂቃ ገደማ አለው፤ በአንድ ሸክላ ቢታተም እያንዳንዱ ገጽ 22 ደቂቃ ተኩል ያህል ይሸከማል ማለት ነው። የመዝጊያው ዘፈን ከ11 ደቂቃ በላይ ስለሚዘልቅ የሁለተኛውን ገጽ የውስጥ ግማሽ ይይዛል። በ33⅓ ዙር፣ በዳር በኩል በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመርፌው ሥር የሚያልፈው ቦይ ወደ መሐል ሲደርስ እስከ 21 ይወርዳል፤ ሲምባሉና ጩኸቱ የሚሻክሩትም በዚህ ቦታ ነው። አልበሙ በሁለት ሸክላ በ45 ዙር ቢከፈል ግን እያንዳንዱ ገጽ 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይይዛል፣ ፍጥነቱም በ35 በመቶ ይጨምራል። በየ11 ደቂቃው ተነሥቶ ሸክላ መገልበጥ የአልበሙን ፍሰት እንደሚያቋርጥ አልክድም፤ ሆኖም የድምፁ ጥራት ይህን ይክሳል። በ1969 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሸክላ አሳታሚ አምኃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ትንንሽ ሸክላዎች በ45 ዙር የሚጫወቱ ስለነበሩ፣ ከአባት የወረደ ማጫወቻም ይህ ፍጥነት አይጎድለውም፤ ነገር ግን የእንዲህ ያለው ማጫወቻ ክንድ ከባድ፣ መርፌውም ያረጀ ከሆነ አዲስ ሸክላ ሊያርስ ስለሚችል አስቀድሞ መርፌውን ማስቀየር ይገባል።

ባለቀለም የሚባሉትም ሁሉ አንድ አይደሉም። ወጥ ቀለም ያለው ወይም ብርሃን አሳላፊው ሸክላ በጥሩ ማተሚያ ቤት ከተሠራ ከጥቁሩ አያንስም። የተረጨ ቀለም የሚመስለው፣ ባለቀለም ፍሬዎች በእጅ ተበትነውበት የሚታተም በመሆኑ ሁለት ቅጂዎች ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ ሰብሳቢ የሚወደውም ለዚሁ ነው። በጨለማ የሚያበራውና ምስል የታተመበት ሸክላ ግን በጸጥታው ቦታ ሹክሹክታ ይሰማባቸዋል። በተለይ ምስል ያለበት፣ ቦዩ የሚቀረጸው በወረቀቱ ላይ በተለበደ ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ፣ ለግድግዳ እንጂ ለብቸኛ ማዳመጫነት እንዲገዛ አልመክርም። 180 ግራም የሚለው ጽሑፍም ከ140 ግራሙ የተሻለ ድምፅ ማለት አይደለም፤ የቦዩ ጥልቀት ያው ነው፣ የሚጨምረው የመላኪያው ዋጋ ነው።

የአገራችን አየርም ከምርጫው ውስጥ ይገባል። ደብረ ብርሃን ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በቀዘቀዘ ክፍል መርፌውን የሚይዘው ላስቲክ ስለሚደድር መርፌው ድብልቅልቅ ያለውን የዘፈን ቦታ በትክክል አይከተልም፤ ስለዚህ ክፍሉ እስኪሞቅ መታገሥ ያስፈልጋል። የገብስ ውቂያ አቧራና የኩበት ጭስም ቦይ ውስጥ ይቀመጣል፤ በጥቁሩ ላይ አቧራው ጎልቶ ስለሚታይ መጥረግ ይቀላል፣ በተዥጎረጎረው ላይ ግን ይሰወራል። ከጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት ለሚኖር ደግሞ አደጋው ሙቀት ነው፤ በቆመ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የተተወ ሸክላ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ይጣመማል። በአንኮበር ጉም አካባቢ የሚጎዳው ሽፋኑ ነውና፣ ለሽፋኑ ብሎ ብዙ የከፈለ ሰው ከእርጥብ ግድግዳ ያርቀው።

መልሶ ለመሸጥ የሚያስብ ገዢ የመጀመሪያውን ኅትመት፣ በቁጥር የተመታውን እትም ቢመርጥ ተገቢ ነው፤ ሆኖም «300 ቅጂ ብቻ» የሚለው ቃል የሚመለከተው ያንን ቀለም እንጂ አልበሙን አይደለም። አሳታሚው በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ቀለም ደግሞ ማተም ስለሚችል፣ አልበሙን ለመስማት ብቻ የሚፈልግ ሰው በጥድፊያ እጥፍ ዋጋ ሊከፍል አይገባም። ያገለገለ ሲገዛ ሸክላውና ሽፋኑ ለየብቻ ደረጃ እንደተሰጣቸው ማየት ያሻል። ሁለቱም እትሞች አንድ የድምፅ አቀራረጽ ካላቸውና የዋጋው ልዩነት ጥቂት ከሆነ ባለቀለሙን ያለማመንታት እገዛለሁ፤ ጥቁሩ በ45 ዙር ለሁለት ሸክላ የተቀረጸ፣ ባለቀለሙ ግን በአንድ ሸክላ የታጨቀ ከሆነ ምርጫዬ ጥቁሩ ነው።