አየር መንገድ ያሠልጥንህ ወይስ በራስህ ገንዘብ ተማር?

ጣና ዳር ቡና እየጠጣን አንድ አውሮፕላን ወደ ማረፊያው ሲወርድ፣ የእህቴ ልጅ ስኒውን አስቀምጦ ከዓይኑ እስኪሰወር ተከተለው። ፓይለት መሆን ነው ሕልሙ። «ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል?» አለኝ።

አየር መንገድ መልምሎ ሲያሠለጥን መግቢያው ጠባብ ነው፤ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። ካለፍክ ግን ትምህርቱ ሳይቆራረጥ ያልቃል፤ ከጀርባው ሥራ አለ። በምትኩ ለዓመታት የማገልገል ውል ትፈርማለህ።

በራስህ ስትከፍል ጊዜውንም ትምህርት ቤቱንም ትመርጣለህ። ችግሩ ገንዘቡ መሀል ላይ ሲያልቅ ነው። ልምምድ ሲቋረጥ እጅ ይረሳል፤ የረሳኸውን ለመመለስ ደግሞ እንደገና ትከፍላለህ። በዓለም አቀፉ ደረጃ ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ 200 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ በተፈቀደ የተቀናጀ ሥልጠና (ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ተከታታይ ፕሮግራም ሲሰጥ) ግን 150 ይበቃል። ለካፒቴንነት የሚያበቃው ፈቃድ 1,500 ይጠይቃል። በግል የተማረ ሰው ይህን ሰፊ ክፍተት የሚሞላለትን ቀጣሪ ራሱ ነው የሚፈልገው።

አንድ ጓደኛዬ መጀመሪያ ከፈለ፣ ከዚያ ተመረመረ። ቀለም መለየት አቃተው። የእናቱ ቁጠባ እንደዋዛ ቀረ፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እኔ መጀመሪያ አየር መንገዱን ሞክር ባይ ነኝ። ከሁሉም በፊት ግን የአብራሪዎቹን የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ምርመራ ጨርስ አልኩት።