የ«ዘ ፔንግዊን» ሙሉ ሲዝን ገብቷል ለሚሏችሁ ገንዘብ አትክፈሉ

በባሕር ዳር ፊልም በፍላሽና በሀርድ ዲስክ ከሚጭኑ ቤቶች በአንዳንዶቹ፣ እንዲሁም ክፍያ በቴሌብር ተቀብለው ፊልም በሚልኩ የቴሌግራም ቻናሎች፣ «ዘ ፔንግዊን» የተባለው አዲስ ተከታታይ ፊልም ስምንቱም ክፍሎቹ ተሟልተው እንደ ደረሱ ተደርጎ በመሸጥ ላይ ነው። ይህ ፈጽሞ እውነት አይደለም። ይህን በምጽፍበት በመስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመልካች የቀረቡት ሁለት ክፍሎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ማንም ሰው በየትኛውም ዋጋ «ሙሉ ሲዝን» ብሎ ቢያቀርብላችሁ እንዳትገዙ አጥብቄ እመክራለሁ።

ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ2022 ለእይታ ከበቃው፣ ማት ሪቭስ ካዘጋጀው «ዘ ባትማን» ፊልም የወጣ፣ ስፒን ኦፍ የሚባለው ዓይነት ሥራ ሲሆን፣ በፊልሙ ውስጥ በጥቂት ትዕይንቶች ብቻ የታየውን፣ ፔንግዊን በሚል ቅጽል ስም የሚጠራውን ወንጀለኛ ዋና ባለታሪክ አድርጎ ይነሣል። የሚያቀርቡት የአሜሪካው ኤችቢኦ ጣቢያና በወቅቱ ማክስ የተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል የተለቀቀው በአሜሪካ ሐሙስ ምሽት፣ በእኛ ደግሞ መስከረም 10 ቀን ዓርብ ከመንጋቱ በፊት ነበር። ከዚያ በኋላ የሥርጭቱ ዕለት ወደ እሑድ ምሽት ስለ ዞረ፣ ሁለተኛው ክፍል የደረሰን መስከረም 20 ቀን ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ሻጮቹ የተጠቀሙበት ይህንኑ የዐሥር ቀን ክፍተት ይመስለኛል። ተመልካቹ አንደኛውን ክፍል ጨርሶ ቀጣዩን በጉጉት በሚጠባበቅበት፣ በመስቀል ምክንያትም ተማሪውና ሠራተኛው እቤት በሚውልበት ሰሞን፣ «ሙሉው መጥቷል» የሚለው ወሬ በቀላሉ ገበያ አገኘ። ያልተወቃ እህል ሰፍሮ እንደ መሸጥ ያለ ነገር ነው፤ ገዢው ጆንያውን ፈትቶ እስኪያይ ድረስ ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ሄዷል።

በፍላሹ ውስጥ ምን እንደሚገኝ በዓይኔ ስላየሁ በዝርዝር ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ በመስቀል ሰሞን ፔዳ ካምፓስ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ፊልም ቤት «ሙሉ ሲዝን» ተብሎለት 100 ብር ከፍሎ አስጭኖ መጣ። በፍላሹ ላይ ስምንት ፋይሎች ነበሩ፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ የተከታታዩን ስምና የክፍሉን ቁጥር ይዘዋል፤ ስማቸውን ብቻ ላየ ሰው ምንም የሚያጠራጥር ነገር አልነበራቸውም። አንደኛው ፋይል ትክክለኛው የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ ምስሉም ድምፁም ጥሩ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን የ2022ቱ ፊልም ለሁለት ተቆርጦ አዲስ ስም የተሰጠው ነው። ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ደግሞ «ጎተም» ከተባለ የቆየ ተከታታይ እየተመረጡ የተወሰዱ ክፍሎች ናቸው። ልጁ ወደ ፊልም ቤቱ ተመልሶ ቢጠይቅ «ለእኛም የመጣልን እንደዚሁ ነው» ተባለ፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰለትም። አንድ ሰው ስምንት ፋይሎችን ከየቦታው ሰብስቦ፣ ስማቸውን ቀይሮ፣ በቁጥር ደርድሮ እስኪያስቀምጥ ድረስ የደከመበት ሥራ በስሕተት የተፈጠረ ነው ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

«ጎተም» በራሱ መጥፎ ተከታታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በአሜሪካው ፎክስ ጣቢያ በአምስት ሲዝን 100 ክፍሎች ታይቷል፤ ፔንግዊን የሚባለው ገጸ ባሕርይም በውስጡ ትልቅ ቦታ አለው። ለማታለል የተመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከተማው አንድ፣ ቅጽል ስሙ አንድ፣ የወንጀለኛ ቤተሰቦቹም ስም ተመሳሳይ ስለሆነ፣ አዲሱን ያላየ ሰው በደንብ ሳያስተውል ሁለት ሦስት ክፍል ሊያይ ይችላል። ልዩነቱን በቀላሉ የምታውቁት በሰውየው ነው። በ«ጎተም» ፔንግዊንን የሚጫወተው ሮቢን ሎርድ ቴይለር ወጣትና ቀጭን ሲሆን፣ ስሙም ኦስዋልድ ኮብልፖት ነው። በአዲሱ ተከታታይ ግን ኮሊን ፋረል የሚጫወተው ኦዝ ኮብ ጎልማሳ፣ ወፍራም፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ነው። ሁለቱም ስለሚያነክሱ በአነካከሱ ልለየው አትበሉ። ብሩስ ዌይን የተባለ ሕፃን ልጅ ወይም ጂም ጎርደን የተባለ ወጣት መርማሪ ፖሊስ ካያችሁ ያለ ጥርጥር «ጎተም» ነው። ሮበርት ፓቲንሰን የባትማንን ጭንብል አጥልቆ ከመጣ ደግሞ የምታዩት የ2022ቱን ፊልም ነው። የፋይሉን ርዝመት ማየትም ይረዳል፤ የአዲሱ ተከታታይ የመጀመሪያ ክፍል ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ ሲሆን፣ «ጎተም» በማስታወቂያ ለሚቋረጥ ጣቢያ የተሠራ ስለሆነ እያንዳንዱ ክፍል ከአንድ ሰዓት በእጅጉ ያንሳል።

በቴሌግራም የሚደረገው ሽያጭ ከዚህም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም በፊልም ቤቱ ቢያንስ ሰውየውን ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ። በቻናሎቹ የሚሠራበት መንገድ አንደኛውን ክፍል በነፃ መልቀቅ፣ ከዚያም የቀሩትን ለማየት በቴሌብር ከፍላችሁ ወደ ተዘጋ ግሩፕ እንድትገቡ መጋበዝ ነው። ከከፈላችሁ በኋላ የምታገኙት ወይ ከላይ የገለጽኩትን ዓይነት ድብልቅ ነው፣ ወይም «በቅርብ ቀን ይለቀቃል» የሚል ማስታወቂያ ነው። ኢንተርኔት እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማችን ደግሞ ኪሳራው ለሻጩ የተከፈለው ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱን ትልቅ ፋይል ለማውረድ የሚያልቀው ጥቅልም የገዢው ገንዘብ ነው። «በአማርኛ ትርጉም ሙሉው» የሚለውን ማስታወቂያ በተለይ እንዳታምኑ እለምናችኋለሁ። ገና ያልተለቀቀን ክፍል ሊተረጉም የሚችል ሰው የለም።

ሌላው ማስጠንቀቂያዬ ትክክለኛውን ክፍል የሚያገኙትን ሰዎችም ይመለከታል። በአንዳንዶቹ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ባትማንን በመሃል አድርጎ ፔንግዊንን ከጎኑ በትንሹ ያሳያል፤ ሲጠየቁም «አዲሱ የባትማን ተከታታይ» ይላሉ። በወጡት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ባትማን አይታይም፤ አዘጋጆቹም ታሪኩ የፔንግዊን እንጂ የባትማን እንዳልሆነ አስቀድመው ተናግረዋል። የሚበር ሰው፣ ከሰው በላይ ኃይል ያለው ሰው፣ ልዩ ልብስ የለበሰ ጀግና በዚህ ተከታታይ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 እንደ ወጡት እንደ «ዋንዳቪዥን» ወይም እንደ «ሎኪ» ያለ ነገር ጠብቃችሁ ብትገዙት ታዝናላችሁ።

ወላጆችን የሚመለከተው ግን ከዚህ ይከብዳል። ተከታታዩ በአሜሪካ የተሰጠው ደረጃ ከ17 ዓመት በታች ላሉ የማይመከር የሚለው ነው። ግድያ፣ ማሠቃየት፣ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድና ጸያፍ ንግግር በሁለቱም ክፍሎች በስፋት አለ። በቤታችን የሚታየው ፊልም ብዙ ጊዜ ታላቁም ታናሹም አብሮ ተቀምጦ የሚያየው ነው፤ ልጆች ደግሞ የባትማንን ሥዕል ካዩ የእነርሱ መስሎ ይታያቸዋል። አንድ ፊልም ቤት ይህን ተከታታይ ከሕፃናት የካርቱን ፊልሞች ጋር በአንድ ላይ «የልዕለ ጀግኖች ጥቅል» ብሎ ሲጭን ስላየሁ፣ ለልጆቻችሁ ፍላሽ የምታስጭኑ እናቶችና አባቶች ዝርዝሩን አንድ በአንድ እንድትመለከቱ እለምናችኋለሁ።

ይህን ሁሉ የምለው ተከታታዩን ስለጠላሁት አይደለም፤ እንዲያውም ስለወደድኩት ነው የሻጮቹ ሥራ የሚያንገበግበኝ። ታሪኩ የሚጀምረው ፊልሙ ካበቃ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በፊልሙ መጨረሻ የጎተም ከተማ የባሕር መከላከያ ግንብ ፈርሶ ውኃው ከተማዋን አጥለቅልቋታል፤ የከተማው የወንጀል ዓለም ጌታ የነበረው ካርማይን ፋልኮንም ተገድሏል። ኦዝ ኮብ ከሥሩ ሲያገለግል የኖረ፣ ሁልጊዜ የተናቀ፣ አሁን ግን ባዶውን ወንበር የሚመኝ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በአንዲት የንቀት ሳቅ ምክንያት የሚፈጽመው ነገር የታሪኩን መንገድ በሙሉ ይወስነዋል። ከዚያ በላይ መናገር ያላየውን ሰው መበደል ይሆናል።

ኮሊን ፋረል ለዚህ ሚና በየቀኑ ሰዓታት የሚፈጅ የፊትና የሰውነት ሜካፕ ይደረግለታል፤ ሥራው የማይክ ማሪኖ ነው። የተዋናዩን እውነተኛ መልክ የሚያውቅ ሰው እንኳ እርሱ መሆኑን ፈልጎ አያገኘውም። እኔን የማረከኝ ግን የገጸ ባሕርዩ ውስጥ ነው። ኦዝ የማስታወስ ችሎታዋ እየከዳት ባለችው እናቱ ፊት ሲቀርብ እንደ ሕፃን ልጅ ይሆናል፤ ከደጃፏ ሲወጣ ደግሞ የማይዋሸው ሰው የለም። ተመልካች አንዴ ያዝንለታል፣ አንዴ ይጸየፈዋል፤ ደራሲዋና የተከታታዩ መሪ ሎረን ለፍራንክ ሁለቱን ስሜቶች አንድ ላይ ይዛ መሄድ መቻሏ የሚደነቅ ነው። ክሪስቲን ሚሊዮቲ የምትጫወታት ሶፊያ ፋልኮን፣ አርካም በተባለው የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ዐሥር ዓመት ተዘግቶባት የወጣች የሟቹ ልጅ ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ስትናገር ከኦዝ ይልቅ እርሷን ፈራሁ። እስካሁን ካየሁት ሁሉ ብርቱው ትወና የእርሷ ነው።

ቪክተር የሚባለው ወጣት ደግሞ የታሪኩ ልብ ይመስለኛል። ጎርፉ ቤተሰቡን የወሰደበት፣ ሲናገር የሚንተባተብ፣ የኦዝን መኪና ጎማ ሊፈታ ሲል የተያዘና ከዚያ በኋላ የእርሱ አገልጋይ የሆነ ልጅ ነው። የሚኖርበት ድሃ ሰፈር ከውኃው በኋላ የሚታይበት ሁኔታ፣ በሌላኛው የከተማው ወገን ያለው ሀብታም ግን ምንም እንዳልሆነ ሆኖ መኖሩ፣ በየክረምቱ የፎገራንና የደንቢያን ጎርፍ ለሚያውቅ የጣና ዳር ሰው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ተከታታዩ ስለ ወንጀለኞች ይሁን እንጂ፣ ማን እንደሚጎዳና ማን እንደሚተርፍ በትክክል ያውቃል።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ይልቅ ቀዝቀዝ ይላል፤ በፋልኮንና በተቀናቃኙ በማሮኒ የወንጀለኛ ቤተሰቦች መካከል ያለው ሴራ ፊልሙን ላላየ ሰው ግልጽ አይሆንም። ስለዚህ «ዘ ባትማን»ን ያላያችሁ ካላችሁ፣ 176 ደቂቃ የሚወስድ ቢሆንም ቀድማችሁ እርሱን ብታዩ ይሻላል። እንግሊዝኛው በኒው ዮርክ ሰፈር አነጋገር የተሞላ ስለሆነ ያለ ጽሑፍ መከታተልም ከባድ ነው። ተከታታዩ አብዛኛው ነገር በንግግር የሚካሄድበት በመሆኑ፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ በሚተርክበት የአማርኛ ትርጉም ሲቀርብ የሶፊያም የቪክተርም ድምፅ ይጠፋል። የግርጌ ጽሑፍ ያለውን ፋይል መጠየቅ ይሻላል።

ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል፤ አሳሳች ማስታወቂያም በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው። ነገር ግን ፊልም በፍላሽ የሚያስጭን ሰው ደረሰኝ አይሰጠውም፤ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ፊልም አባዝቶ መሸጥ ራሱ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ በመሆኑም ሻጩ ደረሰኝ ለመስጠት ድፍረት አይኖረውም። ገዢው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ የሚይዘው ማስረጃ የለም ማለት ነው። ስለዚህ መጠንቀቅ የሚቻለው ከመክፈል በፊት ብቻ ነው። ፋይሉን እዚያው በሻጩ ኮምፒውተር ላይ አስከፍታችሁ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ጥቂት ጥቂት ተመልከቱ። ሻጩ «ወረፋ አለ» ብሎ ለማሳየት ካልፈቀደ ትታችሁ ውጡ። ከአንድ ክፍል በላይ በአንድ ጊዜ አትክፈሉ፤ በቴሌብር ቅድሚያ ከተጠየቃችሁም አትላኩ።

ሦስተኛው ክፍል መስከረም 27 ቀን ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ በየሰኞው ሌሊት አንድ ክፍል ይጨመራል። አሜሪካኖች በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች የሚደርሱን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ስምንተኛው የሚወጣው ኅዳር 2 ቀን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ፔዳም ሆነ ፖሊ፣ ዓባይ ማዶም ሆነ በቴሌግራም፣ የስምንተኛውን ክፍል ፋይል አለኝ የሚላችሁን ሰው መጨረሻውን ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።