ያረጀ የቅንጦት መኪና፦ መርሰዲስ ኤስ 500 ወይስ ሌክሰስ ኤልኤስ 430?

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከወጡት የቅንጦት መኪኖች ውስጥ ዛሬ በርካሽ ከሚገኙት ሁለቱ እነዚህ ናቸው። የመግዣው ዋጋ ቢወርድም የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ አልወረደም።

ምቾት፦ መርሰዲሱ በአየር ሱስታው ጉድጓዱን ያስረሳል፤ ደስታው እውነተኛ ነው። ሌክሰሱ በዝምታው ይበልጣል።

ሞተር፦ ሁለቱም ቪ8 ናቸው። መርሰዲሱ ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያቀናጀው በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ነው፤ ግን 16 ካንዴላ ይፈልጋል። ሌክሰሱ 8 ይበቃዋል፤ ይህንኑ ሥራ የሚሠራለት የታይሚንግ ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) ግን በየ145,000 ኪሎ ሜትሩ ከውሃ ፓምፑ ጋር ይቀየር። ከተበጠሰ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ።

ስጋት፦ እዚህ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የመርሰዲሱ የአየር ሱስታ ላስቲክ ሲሰነጠቅ አየር ያፈሳል፤ ኮምፕሬሰሩም ያን ለመሙላት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠላል። የሚያፈሰውን ትቶ ኮምፕሬሰሩን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው አንድ ሌሊት ቆሞ ይደር፤ ጠዋት ሞተር ሳይነሣ በአራቱም ጎማ በኩል ከፍታውን ለኩ። አንዱ ጥግ ከወረደ ዋጋ አስቀንሱ፤ ካልሆነም ተዉት። የካምቢዮው የኤሌክትሪክ ሶኬት ዘይት ካንጠባጠበም ቶሎ ይቀየር፤ ዘይቱ በሽቦው ተስቦ የካምቢዮው ኮምፒውተር ድረስ ይደርሳል። በሌክሰሱ በኩል ተራ ሱስታ ያለውን ምረጡ፤ የፊት እግሩንም አስፈትሹ።

በየቀኑ ለሚነዳና አንድ መኪና ብቻ ላለው ሌክሰሱ ይሻላል። ሌላ መኪና፣ የታመነ መካኒክና የተቀመጠ የጥገና ገንዘብ ላለው መርሰዲሱ ያዋጣል።