የፕሮቶን ግጭት እና የፀሐይ ኒውትሪኖ ዳታ፦ ከከተማ ዳር ሆኖ የትኛው ያዋጣል?

ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ ወይም ኮዬ ፈጬ ሆኖ መሠረታዊ ፊዚክስን በእውነተኛ ዳታ ማጥናት ለሚፈልግ ክበብ ሁለት ነፃ አገልግሎቶችን ገምግመናል፦ ሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል) የፕሮቶን ግጭት ዳታ የሚያወጣበት ክፍት ድረ ገጽ፣ እና ሱፐር ካሚዮካንዴ የተባለው በጃፓን ከመሬት በታች ያለ መለኪያ ያወጣው የፀሐይ ኒውትሪኖ ሰንጠረዥ። ኒውትሪኖ ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካካ ጥቃቅን ቅንጣት ነው። ዋናው ጥያቄያችን መብራት እየሄደ እየመጣ፣ በሞባይል ዳታና በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። የሁለቱም ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ነው።

የሰርኑ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ትልቁ ፋይል ነው። ሲኤምኤስ የተባለው የሰርን መለኪያ በ2012 ከሰበሰበው ተቀንሶ የተዘጋጀው የሙዮን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ የሆነ ቅንጣት) ፋይል 61,540,413 ክስተቶችን፣ ማለትም የተመዘገቡ ግጭቶችን፣ ይዞ 2 ጊጋባይት ያልፋል። ኤክሴል ደግሞ ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይቀበልም፤ ፋይሉም ሩት በተባለው የሰርን ፕሮግራም ወይም አፕሩት በተባለው የፓይተን መሣሪያ ካልሆነ በቀላሉ አይከፈትም። ለጀማሪ 100 ሺህ ክስተት ያለው ባለ ሁለት ሙዮን ሲኤስቪ (ተራ የሰንጠረዥ ፋይል) ከበቂ በላይ ነው። በፍላሽ ይዞራል፣ በየትኛውም የሰንጠረዥ ፕሮግራም ይከፈታል።

እያንዳንዱ ረድፍ የሁለት ሙዮኖችን ተሻጋሪ ሞመንተም (ከጨረሩ አቅጣጫ ወደ ጎን ያለውን)፣ ኤታና ፋይ (አቅጣጫቸውን የሚናገሩ ሁለት ቁጥሮች) እና ቻርጅ ይሰጣል። የኤታዎቹን ልዩነት ኮሳይን ሃይፐርቦሊክ አውጡ፤ ከእሱ ላይ የፋይዎቹን ልዩነት ኮሳይን ቀንሱ። ውጤቱን በሁለቱ ሞመንተሞችና በ2 አባዙት፤ ስኩዌር ሩቱ የጥንዱ መጠነ ቁስ ነው። በመጨረሻው ዓምድ ካለው ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ መጀመሪያ ማዕዘኑን ጠርጥሩ፦ ፋይሉ በራዲያን ነው፣ ካልኩሌተሩ ግን ዲግሪ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ከዚያ ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸውን ጥንዶች ብቻ አስቀሩ። የጥንዶቹን መጠነ ቁስ በሂስቶግራም (በየክፍሉ ስንት ጥንድ እንዳለ በሚያሳይ ግራፍ) ስትስሉ፣ ወደ ሁለት ሙዮን የሚፈርሱ ቅንጣቶች እንደ ጉብታ ብቅ ይላሉ፦ 3.1 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት መጠነ ቁስ መለኪያ) ላይ ጄ ፕሳይ፣ 9.5 አካባቢ ኡፕሲሎን፣ 91 ላይ ዜድ።

ብቅ የማይሉበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሂስቶግራሙ አከፋፈል ነው። ከ2 እስከ 110 ያለውን በ50 እኩል ክፍል ከቆረጣችሁት አንዱ ክፍል ብቻ ከ2 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይሰፋል፤ ጄ ፕሳይ እንዳለ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል። ከ2 እስከ 5 ያለውን ለብቻ አውጥታችሁ በ0.05 ክፈሉት።

ትልቁን ፋይል የግድ ካላችሁ በሌሊት ጥቅል፣ ከተቋረጠበት በሚቀጥል ማውረጃ አውርዱ፤ ገጹ ላይ ያለውን የአድለር32 ማረጋገጫ ቁጥርም አመሳክሩ። በግማሽ የቀረ ፋይል ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው ስሌቱ መሃል ላይ ነው። ያልተቀነሰው ጥሬ ዳታ ቨርቹዋል ማሽን ወይም ዶከር የሚባሉ ከባድ ፕሮግራሞችን ስለሚፈልግ በሞባይል ዳታ አይታሰብም።

የጃፓኑ ሰንጠረዥ 358 ረድፍ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ የ5 ቀን ልኬት ሲሆን፣ ከግንቦት 1996 እስከ ሐምሌ 2001 (እ.ኤ.አ.) ያለውን ይሸፍናል። መለኪያው ከ1,000 ሜትር ዓለት በታች ያለ 50 ሺህ ቶን ውሃ ነው፤ በ1,496 የሥራ ቀናት የተቆጠረው ግን 22,400 ያህል የፀሐይ ኒውትሪኖ ነው፣ በቀን 15 ገደማ። አማካይ የኒውትሪኖ ፍሰቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር በሰከንድ 2.35 ሚሊዮን ይመጣል፤ የፀሐይ ሞዴሉ ከ5 ሚሊዮን በላይ ይጠብቅ ነበር። የጎደሉት እንዳልጠፉ፣ በመንገድ ላይ ዓይነታቸውን እንደቀየሩ ያረጋገጠው የካናዳው የከባድ ውሃ ሙከራ፣ ኤስኤንኦ ነው።

ምርጡ መልመጃ የምድርን ርቀት ከኒውትሪኖ መፈለግ ነው። ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው ከገና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ነው (የክረምቱ ደመና ለኒውትሪኖ ግድ አይሰጠውም)። የፍሰቱ ልዩነት 7 በመቶ ገደማ ነው፤ የአንድ ረድፍ የስህተት ህዳግ ግን ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ 358ቱን ነጥብ በጥሬው የሳለ ተማሪ ዝብርቅርቅ ብቻ አይቶ «ምንም የለም» ይላል። ዓመቱን በስምንት ወቅት ክፈሉ፤ የየዓመቱን ተመሳሳይ ወቅት አንድ ላይ ሰብስቡ፤ ህዳጉ ጠባብ ለሆነው ረድፍ ብዙ ክብደት ስጡ። ያኔ ልዩነቱ በጭንቅም ቢሆን ይታያል። የርቀት ማስተካከያ ያልተደረገበትን ዓምድ መያዛችሁን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ በተስተካከለው ላይ የምትፈልጉት ነገር አስቀድሞ ተወግዷል።

በፍጥነት የሚያምር ግራፍ ለሚፈልግ ሰርን ይሻላል። ስለ ልኬት ስህተት በቅጡ ለመማር ግን እኛ የምንመርጠው ትንሿን ሰንጠረዥ ነው። ላፕቶፑ አንድ ብቻ ከሆነ አትሟትና ለስምንት ቡድን አከፋፍሏት፤ ካልኩሌተር ስለሚበቃ መብራት ቢሄድም ሥራው አይቆምም።