አራተኛው ምዕራፍ የሌለው ዮናስ

ለሰባት ዓመት ልጄ ለጾመ ነነዌ እንዲደርስለት ብዬ፣ ከጅማ መርካቶ ዳር ካለች አንዲት ጠባብ የመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብር፣ የነቢዩ ዮናስን ታሪክ በሥዕል የሚተርክ ባለ 24 ገጽ መጽሐፍ በ280 ብር ገዛሁ። ርዕሱን የማልጠቅሰው ጉድለቱ የእርሱ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ እኔ ራሴ በልጅነቴ በሰንበት ትምህርት ቤት ሰምቼ ሳልመረምር ያደግሁበትን ታሪክ፣ ከነስሕተቱ፣ በሚያምር ቀለም አትሞ አቅርቦልኛል።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ልናገር። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ቀለሙ በእርጥብ ጣት አይለቅም፤ ፊደሉም ጎላ ብሎና ተራርቆ ስለ ተጻፈ ንባብ ለጀመረ ልጅ ይመቻል። ስፌቱ ግን ሁለት ቀጭን ሽቦ ብቻ በመሆኑ፣ በሦስተኛው ምሽት ማዕበሉ የተሳለበት የመካከሉ ገጽ ተገንጥሎ ወጣ። በማግሥቱ ይዤው ስመለስ ሻጩ በትሕትና ተቀብሎኝ፣ የተገለጠ መጽሐፍ እንደማይቀየር በትሕትና ነገረኝ። ሰውዬው ደንበኛን ወንበር ሰጥቶ እንደ ልቡ እንዲያገላብጥ የሚፈቅድ መሆኑን ግን ሳልመሰክርለት አላልፍም።

ነገሩ የተጀመረው በአራተኛው ገጽ ነው። መጽሐፉ «ዮናስ ፈርቶ ሸሸ» ይላል። ልጄ «አባዬ፣ ምኑን ነው የፈራው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የነነዌ ሰዎች ክፉዎች ስለ ነበሩ እንዳይገድሉት ነው ብዬ ወዲያው መለስሁለት። እርሱም «ማን ነገረህ?» አለኝ። ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ወይም የነገረኝን ሰው አላስታውሰውም። ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱሱን አውርደን ከመጀመሪያው ጀምረን አነበብን፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ዮናስ መሸሹ እንጂ ለምን እንደ ሸሸ አልተጻፈም። ምክንያቱ የሚገኘው በአራተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ፣ ከራሱ ከነቢዩ አንደበት ነው፤ ወደ ተርሴስ የሸሸው እግዚአብሔር ቸርና ይቅር ባይ፣ ከቁጣም የራቀ መሆኑን አስቀድሞ ስላወቀ እንደ ሆነ፣ ከተማይቱ በመትረፏም ክፉኛ እንደ ተቆጣ ይናገራል። ሐሰተኛ ነቢይ እንዳይባል ብሎ ነው የሚሉ መምህራን አሉ፤ ይህም ከቁጣው ጋር አይጣላም። ለነፍሱ ፈርቶ ነው የሚለው ግን ከጽሑፉ ጋር አይሄድም፤ በማዕበሉ ጊዜ «አንሥታችሁ ወደ ባሕር ጣሉኝ» ያለው እርሱ ራሱ ነውና።

የቁጣው ምክንያት የሚገባን ነነዌ የማን ከተማ እንደ ነበረች ስናስብ ነው። ነነዌ የአሦር ከተማ ናት፤ አሦር ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ዓመት ሰማርያን ይዞ የእስራኤልን ሰሜናዊ መንግሥት ያጠፋ ኃይል ነው። ለእስራኤላውያን ሰሚዎች ይህ ታሪክ ጠላት ይቅር ሲባል ቆሞ ስለሚያይ ሰው የተነገረ ነበር። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ይከብደዋል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ልጄ ግን ታናሽ እኅቱ አጥፍታ ሳትቀጣ ስትቀር ምን እንደሚሰማው ጠንቅቆ ያውቃል።

ሥዕሎቹም ይህንኑ ያልተመረመረ ትዝታ ይከተላሉ። መርከበኞቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ዮናስን ሲገፈትሩት ተሥለዋል፤ የመጽሐፍ ቅዱሱ ጽሑፍ ግን እነዚያ ባዕዳን ሰዎች እርሱን ላለመጣል ወደ ምድር ለመመለስ አጥብቀው እንደ ቀዘፉ፣ አልሆን ሲላቸውም የንጹሕ ሰው ደም እንዳይቆጠርባቸው ጸልየው እንደ ጣሉት ይናገራል። ዓሣው ደግሞ ዮናስን በነነዌ በር ላይ ሲተፋው ይታያል፤ ከበስተጀርባው የከተማይቱ ግንብ ቆሟል። ነነዌ የነበረችው ዛሬ በኢራቅ ከሞሱል ፊት ለፊት፣ በጤግሮስ ወንዝ ዳር፣ ዮናስ ከተሳፈረበት ከኢዮጴ ወደብ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ ነው። ሥዕሉ ምጽዋ ላይ ከመርከብ የወረደ ሰው የጅማን መርካቶ በዓይኑ አየ እንደ ማለት ነው። ጽሑፉ ዓሣው በየብስ ላይ ተፋው ከማለት በቀር ቦታ አይጠቅስም፤ እኔ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ነነዌን የባሕር ዳር ከተማ አድርጌ ስስላት ኖሬአለሁ።

ስለ ዓሣው ብዙ አልልም። ከ24ቱ ገጾች 11ዱን ይዟል፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ግን ከ48ቱ የትንቢተ ዮናስ ቁጥሮች የሚጠቀሰው በሦስቱ ብቻ ነው። ዕብራይስጡ «ትልቅ ዓሣ» ብቻ ይለዋል፤ በራሱ ላይ ውኃ የሚረጨው ፈገግተኛ ዓሣ አንበሪ የሠዓሊው ፈጠራ ነው። ያምራል፤ ልጄም ወዶታል።

የማልታገሠው መጽሐፉ የሚያልቅበትን ቦታ ነው። የነነዌ ሰዎች ማቅ ለበሱ፣ እግዚአብሔር ማራቸው፣ ዮናስም ደስ አለው ብሎ ይዘጋል። ደስ አለው! ዮናስ ደስ የተሰኘው በነነዌ መዳን አልነበረም፤ ከከተማይቱ በስተምሥራቅ ዳስ ሠርቶ ምን እንደምትሆን ሊያይ ሲቀመጥ፣ ጥላ ትሆነው ዘንድ በበቀለችለት ቅል ነው። ቅሊቱን ትል መታት፤ የሚያቃጥል የምሥራቅ ነፋስም መጣበት፤ እርሱም ሞትን ለመነ። (ዝናብ ለለመደ የጅማ ልጅ ይህን ነፋስ ማስረዳት ቀላል አይደለም።) ትንቢተ ዮናስም የሚፈጸመው ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሳት ስላሉባት ከተማ እግዚአብሔር በሚያቀርበው ጥያቄ ነው፤ የዮናስ መልስ አልተጻፈም። ሠዓሊው እንስሳቱ ጭምር ማቅ መልበሳቸውን መዝለሉም ያስቆጫል፤ ማቅ የለበሰ በሬ ከማየት የበለጠ ልጅን ምን ያስደስተዋል?

በልጅነት የሰሙት ሲነካ መቆጣት ለእኛ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን ለተረጎመው ለሄሮኒሞስ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሰሜን አፍሪካ ኦኤያ በምትባል ከተማ አንድ ጳጳስ በሄሮኒሞስ አዲስ ትርጉም ትንቢተ ዮናስን ሲያስነብብ፣ ሕዝቡ ሲሰማው ያደገው «ቅል» በሌላ ተክል ስም ተተክቶ በማግኘቱ ሁከት እንደ ተነሣ ይተርካል። የዕብራይስጡን ቃል ብዙ ሊቃውንት ዛሬ ጉሎ ነው ይላሉ። እኔም ለሰንበት ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ዮናስ ፈሪ አልነበረም ባልሁ ጊዜ፣ ሁከት ባይነሣም ቡናው ሳይጠጣ ቀዝቅዟል።

ያልተቆጡት ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። መጽሐፉን ልጄ ሲያሳያቸው፣ ነቢዩ ዩኑስ በቁርኣንም ተቆጥቶ እንደ ሄደ፣ ዓሣ እንደ ዋጠውና የቅል ዘር እንደ በቀለለት፣ የተላከባቸውም ሰዎች መቶ ሺህ ወይም ከዚያ በላይ እንደ ነበሩ ነገሩት። «ተቆጥቶ» የምትለዋን ቃል ልጄ ያዛትና ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

እንግዲህ ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ሦስቱም ለወረቀቱ፣ ለፊደሉና ለቀለሙ ናቸው። ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ግዙት። ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ የምትገዙ ከሆነ ግን መጽሐፍ ቅዱሱን አጠገባችሁ አድርጉ። እኔ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ አራተኛውን ምዕራፍ በአጭሩ በእጄ ጻፍሁበት፤ ልጄም ከሥሩ ማቅ የለበሰ በሬ፣ የአያቱን የወተት መናጫ የመሰለ ቅልና ከዓሣው የሚበልጥ ትል ሣለበት። ስፌቱን የሚጠግንልኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።