ከፒያሳ የገዛኋት ባለ 10 እጥፍ ማጉያ፣ እንጉዳይ ለምታዩ ሰዎች

ጎንደር ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹ አጠገብ ካለች ትንሽ ሱቅ ነው የገዛኋት፣ ወርቅ ሰሪዎች አይናቸው ላይ ጠጋ አድርገው የሚያዩባት ታጣፊ ማጉያ ናት፣ እኔ ግን የፈለኳት ክረምት ላይ ስሜን ተራሮች ሳር ውስጥ ለሚበቅሉት ትናንሽ የጅብ ጥላዎች ነው። በጣም ወድጃታለሁ!

እዛው ስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ሳንቃበር አካባቢ ጭላዳ የጋጠው አጭር ሳር ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ ብርቱካናማ እንጉዳይ አገኘን፣ በባዶ አይን ነጠብጣብ ነገር ናት፣ መሬት ላይ ተኝቼ በማጉያዋ ሳያት ግን ከባርኔጣዋ ስር ያሉት ንጣፎች ወፈር ብለው፣ ተራርቀው፣ ሻማ የተቀቡ መስለው ቁልጭ ብለው ታዩኝ እኮ። ይሄ ደሞ ሃይግሮሳይቤ የሚባለው ወገን ዋና ምልክቱ ነው፣ ማዳበሪያ ሲበዛበት የሚጠፋ ነገር ስለሆነ እንደዚ ያለ የቆየ የግጦሽ ሳር በጣም ሊጠበቅ ይገባል።

ዝርያዋን ግን በማጉያ ብቻ አታውቁም፣ ለሱ ስፖሩን፣ ማለትም እንደ ዘር የሚበተነውን ደቃቅ ብናኝ፣ በማይክሮስኮፕ ማየት የግድ ነው። የስልክ አፕ ደሞ የአውሮፓ ስም ነው ያመጣልኝ፣ ዝም ብላችሁ አትመኑት። ፓርክ ውስጥ ስለሆነ አትንቀሉ፣ ከላይም ከጎንም ፎቶ አንሱ፣ መጠኗ እንዲታወቅ አጠገቧ ሳንቲም አድርጉ። እና በናታችሁ ማንም እንዳይቀምሳት።

የማጉያዋ እንከን ብሎኗ ቶሎ ይላላል፣ ባለሱቁ ግን ሳያስከፍል አጠበቀልኝ፣ ሰውየው ጨዋ ነው። ስትገዙ ሌንሱ መስታወት መሆኑን እዩ፣ ፕላስቲኩ ዳር ዳሩን ያደበዝዛል።